የሞተርን ጉልበት ከወረቀት ላይ ስለ ማንበብ

(በሬዲዮ ከተደረገ ንግግር የተወሰደ)



በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የሚሰበሰቡትን የአገው ፈረሰኞች ያየ ሰው ስለ ፈረስ ጉልበት ሌላ አስተማሪ አያስፈልገውም። ማኅበራቸው በ1932 ዓ.ም. የተቋቋመ ሲሆን፣ በዓሉም በዓድዋ ለዘመቱት ፈረሰኞችና ፈረሶች መታሰቢያ ነው። የአዊ ሰው ፈረስ ሲገዛ ቁመናውን ብቻ አይቶ ገንዘቡን አይቆጥርም፤ ጥርሱን ይመለከታል፣ ያስጋልበዋል፣ ሽቅብ ያስወጣዋል፣ ምን ያህል እንደሚጸና ይጠይቃል። ነገር ግን ይኸው አስተዋይ ሰው የብረት ፈረስ፣ ማለት ሞተር፣ የገዛ እንደ ሆነ፣ በላዩ የተጻፈውን አንድ ቁጥር አምኖ ይመለሳል። የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ ጉድለት ነው።

በልጅነቴ አዘና ሳለን አጎቴ ሁለት በሬዎቹን ሸጦ፣ የጎደለውንም ተበድሮ፣ የወፍጮ ሞተር ገዛ። በሞተሩ ላይ 20 የፈረስ ጉልበት የሚል ጽሕፈት ነበረበት፤ ወፍጮው የሚፈልገው 18 ያህል ስለ ነበረ፣ ሁለት ተረፈልን ብለን ደስ አለን። ሥራው ሲጀመር ግን ሞተሩ እህሉ ሲገባለት ጥቁር ጭስ እየተፋ ይደክም ጀመር። የተጠራው መካኒክ ናፍጣውን ጨመረለት፤ ጭሱ ባሰ እንጂ ጉልበቱ አልጨመረም። ክረምቱ ሳይወጣ ፒስቶኑ ተቃጠለ። አጎቴም ዕዳውን ከፍሎ የጨረሰው በአራት ዓመት ነው።

ትምህርቴን ከፈጸምሁ በኋላ ለዕረፍት ስመለስ፣ ሞተሩ ከመጣበት ሣጥን ውስጥ አንድ የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። ሁለት ጎባጣ መስመሮች ተሥለውበታል፤ ከግርጌውም በደቃቅ ፊደል፣ ጉልበቱ የተመዘነው በባሕር ወለል አየር መሆኑ ተጽፎበታል። በእኛ ደጋ አየር ያ ሞተር ከ16 የፈረስ ጉልበት ብዙ የሚያልፍ አልነበረም። እንግዲህ ሻጩ አልዋሸም፤ እኛ ነን ያላነበብነው።

ይህን ታሪክ ያነሣሁበት ምክንያት፣ በዛሬው ጊዜ ብዙ ወጣቶቻችን አሮጌ መኪና ገዝተው ሞተሩን ለማጠንከር ወይም በሌላ ለመለወጥ ሲደክሙ ስለማይ ነው። በአሜሪካ ይህ ሙያ ሆት ሮድ ይባላል፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የካሊፎርኒያ ወጣቶች በደረቁ የሐይቅ ሜዳዎች ላይ ይወዳደሩበት ነበር። የብዙዎቹ መነሻም ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1932 ያወጣው ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ሲሆን፣ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው 65 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነው። እነዚያ ወጣቶች ከጊዜ በኋላ የተማሩት ዋና ነገር፣ በጆሮ መገመትን ትቶ በመሣሪያ መመዘንን ነው።

መመዘኛው መሣሪያ ዳይናሞሜትር ይባላል። ጥንተ ነገሩ፣ ጋስፓር ደ ፕሮኒ የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1821 በሚዞር ዘንግ ላይ የእንጨት ፍሬን አስሮ፣ ፍሬኑን ለመያዝ የሚያስፈልገውን ክብደት በመመዘን የሠራው ሥራ ነው። በዛሬው ጊዜ መኪናው እንዳለ በከባድ ከበሮዎች ላይ ይወጣል፤ ጎማዎቹ ከበሮዎቹን ሲያዞሩ መሣሪያው ጉልበቱን ለክቶ በወረቀት ላይ ይሥለዋል።

አሁን ወረቀቱን በሐሳባችን ዘርግተን እንመልከት። ከታች ከግራ ወደ ቀኝ የተጻፉት ቁጥሮች ሞተሩ በደቂቃ የሚዞረው ዙር ናቸው። ከሥር ወደ ላይ የሚሄዱት ቁጥሮች በአንድ ወገን የመጠምዘዝ ኃይልን፣ ማለት መካኒኮች ቶርክ የሚሉትን፣ በሌላው ወገን የፈረስ ጉልበትን ያመለክታሉ። ልዩነታቸው ይህ ነው፤ ቶርክ በሬው በአንድ ጊዜ የሚስበው የስበት ብርታት ሲሆን፣ የፈረስ ጉልበት ግን በዚያ ብርታት በአንድ ደቂቃ ውስጥ የፈጸመው ሥራ ነው። አንድ የፈረስ ጉልበት የሚባለው 75 ኪሎግራም ክብደት በአንድ ሰከንድ አንድ ሜትር ወደ ላይ ማንሣት ነው። ቶርኩን በኪሎግራም ሜትር ወስደን በዙሩ ብናባዛውና ለ716 ብናካፍለው የፈረስ ጉልበቱን እናገኛለን። ስለዚህ ሁለቱ መስመሮች የአንድ ነገር ሁለት መልክ ናቸው።

ሁላችሁም በምታውቋት በቮልስዋገን ምሳሌ ላስረዳ። ባለ 1200 ሲሲዋ ቮልስ ከፍተኛ ቶርኳን፣ 8.4 ኪሎግራም ሜትር፣ የምትሰጠው በ2,000 ዙር ላይ ነው፤ በስሌታችን ይህ 23 የፈረስ ጉልበት ያህል ይሆናል። ከፍተኛ ጉልበቷ ግን 34 ሲሆን፣ እርሱም የሚገኘው በ3,600 ዙር ነው። በዚህ ጊዜ ቶርኳ ወደ 6.8 ወርዷል። እንግዲህ ብርታቷ እየቀነሰ ሳለ ሥራዋ ለምን ጨመረ ብትሉ፣ በፍጥነት ስለ ዞረች ነው። ከዚያ በላይ ሲዞር ግን ሲሊንደሩ አየር ለመሳብ ጊዜ ያጣና ሁለቱም መስመሮች አብረው ይወርዳሉ።

ይህችው ሞተር በአሜሪካ መጽሔቶች 40 የፈረስ ጉልበት ትባል ነበር። ሞተሯ አልተለወጠችም፤ የተለወጠው መመዘኛው ነው። በዚያ ዘመን አሜሪካኖች ሞተሩን ከማጣሪያውና ከጭስ ማውጫው ዕቃ አራቁተው ሲመዝኑ፣ ጀርመኖች ግን በመኪናው ላይ እንደሚሠራ አድርገው ይመዝኑት ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ፣ በምን ሥርዓት ተመዘነ? የሚል ይሁን። ሁለተኛውም፣ በሞተሩ ዘንግ ላይ ነው ወይስ በጎማው ላይ? የሚል ነው፤ በካምቢዮውና በዲፈረንሻሉ ውስጥ ከመቶው ከ10 እስከ 20 የሚደርስ ጉልበት በመንገድ ይቀራልና።

ሦስተኛው ጥያቄ ለእኛ ለደገኞች ከሁሉ ይበልጣል፤ ይኸውም የአየሩ ነገር ነው። ሞተር የሚበላው ነዳጅ ብቻ ሳይሆን አየር ጭምር ነው። እንደ እንጅባራ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ስፍራ አየሩ ከባሕር ወለል አየር ይልቅ በሩብ ገደማ ይሳሳል። አየሩን ራሱ የሚስብ ሞተር በየመቶው ሜትር ከመቶው አንድ ያህል ጉልበት ያጣል፤ ያችም 34 የነበራት ቮልስ ከ26 የማትበልጥ ትሆናለች። ታዲያ የመመዘኛው ጣቢያ ብዙ ጊዜ የተገኘውን ቁጥር በስሌት አርሞ ወደ ባሕር ወለል መልሶ ይጽፈዋል። የታረመው ቁጥር ሞተርን ከሞተር ለማወዳደር ይጠቅማል፤ አዘና ላይ ጭነት ለመጫን ግን አይጠቅምም። ለጭነት የሚያስፈልገው ያልታረመው ቁጥር ነው። ተርቦ ያለው ሞተር አየሩን በግድ ስለሚጨምቅ የሚያጣው ያነሰ ነው፤ ሆኖም ለእርሱ ያው እርማት ሲደረግለት ያልነበረውን ጉልበት ይጽፍለታል። በዚህ ብዙ ገዢ ይታለላል።

አራተኛው ነገር፣ የመስመሩን ጫፍ ሳይሆን ስፋቱን መመልከት ነው። ሁለት ሞተሮች አሉ እንበል። አንደኛው በ6,000 ዙር 120 ሲሰጥ፣ ከ4,000 በታች ግን ደካማ ነው። ሁለተኛው ከ105 አይበልጥም፤ ነገር ግን መስመሩ ከ2,000 ጀምሮ እንደ ሜዳ የተዘረጋ ነው። ሾፌሩ ማርሽ ሲለውጥ ዙሩ ከ6,000 ወደ 3,800 ቢወርድ፣ የመጀመሪያው ሞተር ገደል ውስጥ ይወድቃል፤ ሁለተኛው ግን መሳቡን ይቀጥላል። ለመንገዳችን የሚበጀው የትኛው እንደ ሆነ መናገር አያሻም።

አምስተኛ፣ የመስመሩን ቁስል ማየት ይገባል። በላይኛው ዙር መስመሩ እንደ መጋዝ ጥርስ ከሆነ እሳቱ እየተቆራረጠ ወይም የቫልቩ ሞላ እየደከመ ይሆናል። ቀድሞ በድንገት ከወረደ ነዳጅ ወይም አየር አጥሮታል። በአንዳንዱ ወረቀት ላይ የአየርና የነዳጅ መጠን መስመርም ይገኛል። ቤንዚን ፈጽሞ ለመቃጠል በክብደት 14.7 እጅ አየር ይፈልጋል፤ በሙሉ ጭነት ጊዜ ግን መካኒኮች ወደ 12.5 ወይም 13 ያወርዱታል። በሙሉ ጭነት አየሩ ከልክ ሲበዛ ፒስቶን ይቀልጣል። ካርቡራተር ያለው መኪና ከቆላ ወደ ደጋ ሲወጣ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ ነዳጁ በዝቶ ይጨሳል። የአጎቴ መካኒክ የሳተውም ይህንኑ ነው፤ አየር ለጎደለው ሞተር ናፍጣ ጨመረለት።

ይህ ሁሉ የወረቀት ጨዋታ የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ ከአባይ ወንዝ ወደ ደጀን የሚወጣውን አቀበት ያስብ። ዳገቱ ከ1,000 ሜትር ይበልጣል። 10,000 ኪሎግራም የሚመዝን የጭነት መኪና 1,000 ሜትር ከፍ ለማለት፣ የጎማውንና የነፋሱን ትግል ሳንቆጥር፣ በጎማው ላይ 100 የፈረስ ጉልበት ቢኖረው 22 ደቂቃ ይበቃዋል፤ 75 ቢሆን ግን 30 ደቂቃ ይፈልጋል። እነዚያ ስምንት ደቂቃዎች ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ የሚቃጠልባቸው ደቂቃዎች ናቸው። ደግሞም አየሩ ከወንዙ ዳር ጀምሮ እየሳሳ ስለሚሄድ፣ ሞተሩ እጅግ በሚደክምበት በላይኛው ጠመዝማዛ ላይ ጉልበቱ ከሁሉ ያነሰ ይሆናል። ሞተሩን በፈረስ ቁጥር ሲያጠነክር ፍሬኑንና የራዲያተሩን ውኃ የረሳ ወጣት፣ ቁልቁለቱ ሲመጣ ወይም ውኃው ሲፈላ ያስታውሰዋል። በዚህ ከፍታ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላም አይርሳ።

እንግዲህ ለወጣት መካኒኮች የምመክረው አጭር ነው። ሞተሩን ከመንካታችሁ በፊት አስመዝኑ፤ ከሠራችሁ በኋላ በዚያው መሣሪያ፣ በተቻለ መጠን በዚያው ሰዓትና ሙቀት ደግማችሁ አስመዝኑ። አንድ ጊዜ ብቻ አትመኑ፤ ሦስት ጊዜ ይመዘን። በአንድ ቀን አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ አለዚያ ጥቅሙን ያመጣው የትኛው እንደ ሆነ አታውቁም። ሦስትና አራት ፈረስ ጨመረ ቢሏችሁ አትደሰቱ፤ ይህ የመሣሪያው ስሕተት ብቻ ሊሆን ይችላልና። ሞተር የምትገዙም፣ ለወፍጮ ቢሆን ለውኃ መሳቢያ፣ ወረቀቱን ጠይቁ፤ ግርጌውን አንብቡ፤ ለደጋ ከሆነ ሩቡን ቀንሱና በቀረው አስሉ።

አጎቴ ዛሬ አርጅቷል። ባለፈው ዓመት አንድ ጎረቤቱ የወፍጮ ሞተር ሊገዛ ሲነሣ፣ ማንበብ የማይችለው አጎቴ፣ «ወረቀቱን ለልጁ አሳየው፤ ከታች ያለውን ጽሕፈት ያንብብልህ» አለው። ጎረቤቱም ሊገዛ ካሰበው ይልቅ ከፍ ያለውን ገዛ፤ ወፍጮውም እስካሁን ያለ ጭስ ይፈጫል። የንግግሬ ፍሬ ይህ ነው፤ ፈረስን በጥርሱ፣ ሞተርን በወረቀቱ እንመርምር።