ከቀስቱ በፊት ክንዱ ይለካ

(በቡልጋሪያ ሰፈር ለተሰበሰቡ ተማሪዎችና መምህራን የተደረገ ንግግር)



በማኅበራችን ውስጥ የቀስተኞች ቡድን ይቋቋም ዘንድ አሳብ መቅረቡን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከአባሎች የሚዋጣው ገንዘብ 120 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት የሆኑ አጫጭር የእንጨት ቀስቶች ማሠሪያ እንዲሆን ተጠይቋል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። አጭር ቀስት ከአልጋ ሥር ይቀመጣል፤ ሚኒባስ ውስጥ ይገባል፤ ከቡልጋሪያ ተነሥቶ በካዛንችስ በኩል ወደ ስድስት ኪሎ የሚመላለስ ተማሪ ሳይቸገር ይዞት ይሄዳል። እኔም አጭር ቀስትን የምጠላ አይደለሁም። ነገር ግን ገንዘቡ ከመከፈሉ አስቀድሞ የእያንዳንዳችን ክንድ ይለካ ብዬ ለመለመን ቆሜአለሁ። ምክንያቴን በአጭሩ አስረዳለሁ።

በመጀመሪያ በቃላት እንስማማ። በዕለት ንግግራችን «ቀስት» ስንል አንዳንድ ጊዜ መሣሪያውን፣ አንዳንድ ጊዜም ከመሣሪያው የሚወጣውን እንላለን። ግእዝ ግን አንዱን «ቀስት» ሁለተኛውን «ሐጽ» ብሎ ይለያቸዋል። እኔም ዛሬ የሚወረወረውን ፍላጻ፣ የሚጎብጠውን እንጨት ደጋን፣ ጫፍና ጫፉን የሚያገናኘውን ገመድ አውታር እላለሁ። ቀስተኛው ክንዱን ዘርግቶ አውታሩን እስከ አገጩ ወይም እስከ ጉንጩ በሳበ ጊዜ ከደጋኑ መያዣ እስከ አውታሩ ያለውን ርቀት ደግሞ «የመሳቢያ ልክ» ብዬዋለሁ። የንግግሬ ዋና ቃል ይኸው ነው።

ጥጥ ሲነደፍ ያየ ሰው ደጋንን ያውቃል። ነዳፊው አውታሩን በጥቂቱ እየነካ ይለቀዋል እንጂ እስከ ጆሮው አይስበውም፤ ስለዚህ ደጋኑ ብዙ ዘመን ያገለግለዋል። ያንኑ እንጨት ወስደን እስከ ጉንጫችን ብንስበው ምን ይሆናል? ደጋን በጎበጠ ጊዜ ወደ ዒላማው የዞረው ጀርባው ይለጠጣል፤ ወደ ቀስተኛው የዞረው ሆዱ ይጨመቃል። እንጨት ደግሞ መለጠጥን የሚችለው ከርዝመቱ ከመቶ 1 ያህል ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ መጀመሪያ ጎብጦ ይቀራል፤ ቀጥሎም ይሰበራል። አንዱን የመሳቢያ ልክ በረጅም ደጋንና በአጭር ደጋን ላይ ብናደርገው፣ ረጅሙ ጉብጠቱን በርዝመቱ ሁሉ ያካፍለዋል፤ አጭሩ ግን በጥቂት ቦታ ይሸከመዋል።

ሁለተኛም ነገር አለ። አጭር ቀስት እየተሳበ በሄደ መጠን አውታሩ ከደጋኑ ጫፍ ጋር የሚሠራው ማዕዘን ይሰፋል፤ ወደ 90 ዲግሪ በቀረበም ጊዜ ክብደቱ ድንገት ይጨምራል። እስከዚያ ድረስ በለስላሳው ሲመጣ የነበረው አውታር ግድግዳ እንደ ነካ ሰው ይቆማል። በዚያው ጊዜ በጣቶች ላይ ያለው የአውታሩ ማዕዘን ይጠብና ጣቶችን እርስ በርሳቸው ይቆነጥጣቸዋል። ቱርኮችና ሞንጎሎች አጭሩን ቀስት በሦስት ጣት ሳይሆን ቀለበት ባጠለቀ አውራ ጣት መሳባቸው በከንቱ አልነበረም።

የቀስትና የሳቢው ልክ ነገር ጥንታዊ ነው። የጥንት ግብፃውያን ከደቡባቸው ያለውን የኑብያ አገር «የቀስት ምድር» ብለው ይጠሩት ነበር። ሄሮዶቱስ የተባለው የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ እንደሚተርከውም፣ በ525 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ግብፅን የያዘው የፋርስ ንጉሥ ካምቢስ ወደ ኢትዮጵያውያን ንጉሥ መልእክተኞችን ላከ። ንጉሡም አንድ ትልቅ ቀስት ሰጥቶ፣ ፋርሶች ይህን የሚያክል ቀስት በቀላሉ መሳብ በቻሉ ጊዜ ይምጡብን ሲል መለሳቸው። ከፋርሶች ወገን የንጉሡ ወንድም ስሜርዲስ ብቻ ሁለት ጣት ያህል ሳበው፤ ካምቢስም ቀንቶ ወደ አገሩ መለሰው ይላል። ሄሮዶቱስ ኢትዮጵያ የሚለው በዋናው ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን የኩሽን አገር ነው፤ ትረካውም ተረት የተቀላቀለበት ነው። ቢሆንም ቀስት ከሳቢው ጋር ካልተመጣጠነ ዋጋ እንደሌለው ቀደምቶች ማወቃቸውን ያሳያል።

ይኸው ጸሐፊ በ480 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ከንጉሥ ዜርክሲስ ጋር የዘመቱትን ኢትዮጵያውያን ሲገልጽ፣ ከዘንባባ የተሠራ ከ4 ክንድ የማያንስ ቀስትና አጫጭር የሸምበቆ ፍላጻ ይዘው ነበር ይላል። አራት ክንድ ወደ 180 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። እንግዲህ አስተውሉ፤ ቀስቱ ረጅም፣ ፍላጻው አጭር ነው። አጭር ፍላጻ ብዙ አይሳብም፤ ስለዚህ ረጅሙ ደጋን አይጨነቅም። እኛ ግን ልናደርግ ያሰብነው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ደጋኑን አሳጥረን ረጅም ፍላጻ እስከ ጉንጫችን ልንስብበት ነው።

«ታዲያ በአጭር ስበት የሚዋጉ የሉም ወይ?» የሚል ይኖራል። አሉ። የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች በፈረስ ላይ ሆነው አጭር ቀስታቸውን ሙሉ በሙሉ ሳይስቡ በቅርብ ይወጉ ነበር። በአገራችንም በ16ኛው መቶ ዓመት የግራኝ አሕመድን ዘመቻ የጻፈው ዐረብ ፋቂህ፣ በዐፄ ልብነ ድንግል ሠራዊት ውስጥ ስለ ነበሩት ስለ ማያ ሰዎችና ስለ መርዘኛ ፍላጻቸው ይናገራል። ፍላጻው መርዝ የተቀባ ከሆነ ቆዳ መብሳቱ ይበቃዋል፤ ታላቅ ኀይል አይፈልግም። የእኛ ዓላማ ግን ዒላማ መምታት ነው። የዒላማ ትምህርት መሠረቱ ደግሞ የሚስበው እጅ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ፣ በአገጭ ሥር ወይም በጉንጭ ላይ ማረፉ ነው። እጁ በአየር ላይ የሚቆም ተማሪ ፍላጻው ዛሬ ወደ ላይ ነገ ወደ ታች ቢሄድበት አይፈረድበትም።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልግባ። የመሳቢያን ልክ በግምት ለማወቅ ሰውየው ከግድግዳ ጋር ተጠግቶ ሁለት እጆቹን ወደ ጎን ይዘርጋ፤ ከአንዱ እጅ የመካከለኛ ጣት ጫፍ እስከ ሌላው ድረስ ይለካ፤ የተገኘውም ለ2.5 ይካፈል። ቀላል የሆነ የመልመጃ ቀስት ከተገኘ ደግሞ በሴንቲ ሜትር ምልክት የተደረገበት ረጅም ፍላጻ አግብቶ ሦስት አራት ጊዜ መሳብና ጓደኛው ምልክቱን እንዲያነብለት ማድረግ የበለጠ እርግጠኛ ነው።

ከዚያም ከአንድ እንጨት ለተጠረበና በርዝመቱ ሁሉ ለሚጎብጥ ደጋን፣ ሠሪዎች የሚከተሉት የታወቀ ደንብ አለ፤ ይኸውም የመሳቢያውን ልክ እጥፍ አድርጎ ከመቶ 10 መጨመር ነው። መያዣው የማይጎብጥ ወፍራም ከሆነ ደግሞ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጨመርበታል። ሦስት ተማሪዎች እንውሰድ።

የመጀመሪያዋ እኅታችን እጆቿን ስትዘረጋ 160 ሴንቲ ሜትር ናት፤ የመሳቢያ ልኳ 64፣ ቀስቷም 141 ያህል ይሆናል።

ሁለተኛው 170 ነው፤ የመሳቢያ ልኩ 68፣ ቀስቱ 150 ያህል ይሆናል።

ሦስተኛው ቁመተ ረጅም 185 ነው፤ የመሳቢያ ልኩ 74፣ ቀስቱ 163 ያህል ይሆናል።

እንግዲህ የታሰበው የ120 ሴንቲ ሜትር ቀስት ለማን ይሆናል? ሒሳቡን ወደ ኋላ ብንመልሰው በደኅና የሚሳበው እስከ 54 ወይም 55 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ይህም እጆቹ ተዘርግተው 136 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ሰው ልክ ነው፤ ማለት የዐሥር ዓመት ልጅ ያህል። በዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዲህ ያለ ክንድ አላይም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ጉዳቱ የእንጨት መሰበር ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልለፈለፍሁ ነበር። ከመሰበሩ በፊት የሚመጣው ጉዳት ይብሳል። ረጅሙ ተማሪ አጭሩን ቀስት ይዞ ይቆማል። አሠልጣኙ «ክንድህን ዘርጋ፤ ደረትህን ክፈት፤ እስከ ጉንጭህ ሳብ» ይለዋል። ተማሪው ይስባል፤ አውታሩ እንደ ግድግዳ ይቆምበታል፤ ጣቱ ይቆነጠጣል፤ ክንዱን ማጠፍ፣ አንገቱን ወደ አውታሩ ማስገግ ይጀምራል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ «ሰነፍ ነው፤ ለዚህ አልተፈጠረም» ይባላል። እርሱም ያምናል፤ ይተዋልም። ጥፋቱ የመሣሪያው ሆኖ ሳለ ፍርዱ በሰውየው ላይ ይወድቃል። ከቡድናችን ሰው እንዳይወጣብን የምንፈልግ ከሆነ ይህን ከወዲሁ ማሰብ ይገባናል።

አጭር ሆኖ ብዙ የሚሳብ ቀስት የለም ማለቴ ግን አይደለም። የቱርኮች ቀስት ወደ 110 ሴንቲ ሜትር የምትጠጋ ሆና ሙሉ ስበት ትችል ነበር። ምስጢሩ ከአንድ እንጨት አለመሠራቷ ነው። በሆዷ ቀንድ፣ በጀርባዋ ጅማት፣ በመካከሉ እንጨት በሙጫ ተጣብቆባታል፤ ቀንድ መጨመቅን፣ ጅማትም መለጠጥን ከእንጨት እጅግ አብልጠው ይችላሉ። በእስያ የፈረሰኛ ቀስቶች ብዙዎቹ ደግሞ ጫፋቸው የማይጎብጥ ጆሮ አላቸው፤ ጆሮውም እንደ ማንሻ ሆኖ የአውታሩን ማዕዘን ይጠብቃል። ዛሬ በዚሁ ቅርጽ በፋይበር ግላስ የሚሠሩ አሉ። እነዚህን የሚገዛ ሰው ሁለት ቁጥር ይጠይቅ። አንደኛው ሠሪው የፈቀደው የመጨረሻ የመሳቢያ ልክ ነው፤ ይህም ከራስ ልክ ቢያንስ በ5 ሴንቲ ሜትር ይብለጥ። ሁለተኛው ክብደቱ ነው፤ ክብደት የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ በ28 ኢንች፣ ማለት በ71 ሴንቲ ሜትር ስበት ተለክቶ ነው። ከዚያ ያነሰ የሚስብ ሰው በየ2.5 ሴንቲ ሜትሩ 1 ኪሎ ግራም ያህል ይቀነስለታል፤ የበለጠ የሚስብም ያንኑ ያህል ወይም ከዚያ የበለጠ ይጨመርበታል።

ስለዚህ የማቀርበው አሳብ ይህ ነው። አንደኛ፣ ገንዘብ ከመዋጣቱ በፊት የአባሎች ሁሉ ልክ በመዝገብ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ የእንጨት ቀስት የምናሠራ ከሆነ በሦስት ቁመት፣ ለአጭር፣ ለመካከለኛና ለረጅም ክንድ ይሠራልን፤ በእያንዳንዱም ላይ የመጨረሻው የመሳቢያ ልክ በቀለም ይጻፍበት። ሦስተኛ፣ የግድ አጭር ይሁን ከተባለ ጆሮ ያለው የተነባበረ ቀስት ይገዛ፤ ቁጥሩ ቢያንስም ይሻላል። አራተኛ፣ ማንም ፍላጻ ሳያገባ አውታር ስቦ እንዳይለቅ ደንብ ይውጣ፤ ወደ ፍላጻው ሊሄድ የሚገባው ኀይል ተመልሶ ደጋኑን ይሰብራልና። ቤት በተጠጋጋበት ሰፈራችንም ከዒላማው በስተ ኋላ ወፍራም መከታ ሳይቆም ማንም አይስብ።

ቀድሞ በገበያችን ጨርቅ በክንድ በሚለካበት ዘመን ብልህ ገዢ ክንደ ረጅም ዘመዱን ይዞ ይወጣ ነበር ይባላል። ክንድ ከሰው ሰው እንደሚለይ ያውቅ ነበርና። እኛም ይህን የአባቶቻችንን ዕውቀት ይዘን ወደ ገበያ እንውጣ። ሜትሩ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ከስብሰባው በኋላ የሚለካ ሰው ከግድግዳው አጠገብ ይቁም።