ከባድ ዕቃ የሚያነሣው ረጅም ክንድ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጥ ነው» ይባላል። ይሁን እንጂ 50 ኪሎ የሚመዝነው የሲሚንቶ ከረጢት ለማንም ጌጥ ሊሆን አይችልም። በከተሞቻችን ሕንጻ ሲሠራ ወንዶችና ሴቶች ድንጋዩን በባሬላ፣ ሲሚንቶውን በትከሻቸው ተሸክመው በእንጨት መወጣጫ ሲመላለሱ እናያለን። ስለዚህ ይህን ሸክም ከሰው ትከሻ ሊያወርድ ስለሚችል አንድ መኪና ጥቂት ለመናገር እወዳለሁ።

መኪናው ቴሌሀንድለር ይባላል። የመጋዘኑ ፎርክሊፍት ዕቃውን ቀጥ አድርጎ ያነሣል እንጂ ክንዱን አይዘረጋም፤ የሚሠራውም በደልዳላ ወለል ላይ ነው። በ1958 እ.ኤ.አ. ማርሴል ብሮ የተባለ ፈረንሳዊ በእርሻ ትራክተር ላይ ማንሻ ስለ ገጠመ፣ ፎርክሊፍት በጭቃና በወጣ ገባ መሬትም ለመሥራት ቻለ። በ1977 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጄሲቢ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ሎድኦል የሚባለውን አወጣ። የዚህ ክንድ አንዱ ቱቦ ከሌላው ውስጥ እየወጣ የሚረዝም ነው። ዛሬ ከ15 ሜትር በላይ የሚደርሱ አሉ።

ነገር ግን ኃይል ሁሉ ልክ አለው። ባልዲ ውሃ ወደ ሰውነታችን አስጠግተን ስንይዝ ይቀለናል፤ ክንዳችንን ስንዘረጋ ግን ያው ባልዲ ወደ ፊት ይጎትተናል። የመኪናውም ነገር እንዲሁ ነው። 2,000 ኪሎ ከፊት ጎማው 2 ሜትር ርቆ ቢያዝ፣ ሲባዛ 4,000 ይሆናል። በ8 ሜትር ርቀት ግን ይህንኑ 4,000 ለመሙላት 500 ኪሎ ብቻ ይበቃል። የክንዱ የራሱ ክብደት ሲታከልበት የሚነሣው ከዚህም ያንሳል። ስለዚህ በመሬት ላይ ያለ ችግር የተነሣ ጭነት በፎቁ አጠገብ መኪናውን ሊገለብጠው ይችላል። አደጋውም የነጂው ብቻ ሳይሆን በአጠገቡ ያለው ሠራተኛ ጭምር ነው።

በነጂው ፊት የጭነት ሰንጠረዥ የሚቀመጠው ስለዚህ ነው። ነጂው አስቀድሞ የዕቃውን ክብደት ይወቅ፤ መሬቱ ደልዳላና ጠንካራ መሆኑን ይመልከት፤ የጎን እግሮች ካሉትም ይዘርጋ። ሲጓዝ ክንዱን ሰብስቦ ዝቅ ያድርግ፤ ከጭነቱም ሥር ማንም ሰው እንዳይቆም ይከልክል።

«መኪናው ሲመጣ የቀን ሠራተኛው እንጀራ አይቀርበትምን?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ባሬላ ተሸክማ ልጆችዋን የምታስተምር እናት አለችና። አንድ መኪና የሚፈልገው አንድ ነጂ ስለሆነ ሁሉም ነጂ ሊሆኑ አይችሉም። ስለዚህ መኪናውን የሚገዛ አሠሪ ከሸካሚዎቹ መካከል ነጂውን ቢያሠለጥን፣ ለሌሎቹም ግንበኝነትን፣ ፌሮ ማሠርንና ልስንን ቢያስተምር መልካም ነው። ሰንጠረዡን ለማንበብ የሚያስፈልገው ፊደልና ቁጥር መለየት ነው፤ ይህንንም ለታላላቆቻችን ማታ ማታ ለማስተማር እኛ ተማሪዎች እንችላለን።