ብርሃን መልእክተኛ ሲሆን ጉምና ዝናም የሚያደርሱበት ችግር

ልጆች ሆይ፤ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ ነጂ ጣርማ በር ሲደርስ ብዙ ጊዜ ጉም ያጋጥመዋል። በቀን እንኳ መብራቱን አብርቶ በዝግታ ይሄዳል፤ ከፊቱ ያለውን አውቶሞቢል የሚያውቀው በኋላው ቀይ መብራት ነውና። ይህ መብራት ለሰው ዓይን ምልክት እንደሚሰጥ ሁሉ፤ ሽቦ ሳይዘረጋ ከአንዱ አውቶሞቢል ወደ ሌላው ቃል እንዲያደርስ ሊቃውንት በዛሬው ዘመን ይመራመራሉ። የዚህ ንግግር ዓላማ የአየር ጠባይ ይህን ጥበብ እንዴት እንደሚያሰናክለው ማስረዳት ነው።

በብርሃን ቃልን መላክ አዲስ አሳብ አይደለም። በቴሌፎን ሥራው የታወቀው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ከረዳቱ ከቻርልስ ቴይንተር ጋራ፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1880 ዓ.ም. በዋሺንግተን ከተማ፤ የሰውን ድምፅ በፀሐይ ጨረር ላይ አሳፍሮ 213 ሜትር ያህል አሻገረ። ነገር ግን ደመና ፀሐይን በጋረደ ጊዜ ጨረሩ ስለሚቋረጥ ቃሉም አብሮ ይቋረጣል።

የዛሬው አሠራር እንዲህ ነው። የፊተኛው ነጂ ፍሬን ሲይዝ የአውቶሞቢሉ የኋላ መብራት በአንድ ሰከንድ እጅግ ብዙ ጊዜ ይበራል፤ ይጠፋልም። ፍጥነቱ ከዓይን አቅም በላይ ስለ ሆነ ሰው ሳያቋርጥ የሚበራ ይመስለዋል። በኋለኛው አውቶሞቢል ላይ የተተከለው፤ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው መቀበያ ግን ብልጭታውን እንደ ፊደል ያነበዋል። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ አውቶሞቢል በአንድ ሰከንድ 20 ሜትር ይሄዳል፤ ስለዚህ ማስጠንቀቂያው በአንድ ሰከንድ ቢቀድም የሰው ነፍስ ሊያድን ይችላል።

ለዚህ መልእክተኛ ከሁሉ የሚከፋው ጠላት ጉም ነው። ወርዱ 1 ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ የዝናም ጠብታ፤ ወርዳቸው 0.01 ሚሊ ሜትር ወደ ሆነ የጉም ጠብታዎች ቢከፋፈል 1,000,000 ጠብታ ይወጣዋል፤ ብርሃንን የሚጋርዱበትም ስፋት ተደምሮ 100 እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ ውሃው ያው ሲሆን፤ ጉሙ ከዝናሙ ይልቅ ብርሃንን ይበትናል ማለት ነው። ለምሳሌ አንድ ጉም በየ20 ሜትሩ የብርሃኑን እኩሌታ የሚያስቀር ቢሆን፤ በ40 ሜትር ሩቡ፤ በ60 ሜትር ስምንተኛው እጅ፤ በ100 ሜትር ግን ከ32 እጅ አንዱ ብቻ ይደርሳል።

ከባድ ዝናምም ብርሃኑን ያደክመዋል፤ በመብራቱ መስታወት ላይ የሚረጨውም ጭቃ ይጋርደዋል። ብራ ቀንም ቢሆን ያለ ችግር አይደለም። ፀሐይ በቀጥታ በመቀበያው ላይ ስታርፍ፤ የመብራቱ ብልጭታ በቀትር እንደ በራ ሻማ ይዋጣል።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር ይታያል፤ መንገዱ እጅግ በሚያሰጋበት በዚያው ሰዓት መልእክተኛው ይደክማል። ስለዚህ ሊቃውንት ብርሃንን ከራዲዮ ጋራ ማጣመርን ይመክራሉ። ለአውቶሞቢሎች የተመደበው የራዲዮ ሞገድ ርዝመቱ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፤ ከእርሱ እጅግ የሚያንሰው የጉም ጠብታ አያግደውም። ብርሃን ግን በፊት ለፊት ለሚታየው ብቻ ስለሚናገር፤ መንገድ በአውቶሞቢል ሲጨናነቅ ቃሉ ከሌላው ቃል ጋራ አይደባለቅም። የአንዱን ድካም ሌላው ይሸፍነዋል።

ይህ ሁሉ ቢደረግም፤ ብልህ ነጂ ጉም ባየ ጊዜ አስቀድሞ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ከፊቱ ካለውም አውቶሞቢል ይርቃል። መሣሪያ ዓይንን ያግዛል እንጂ ጥንቃቄን አይተካምና።