አሮጌ ቤት ለመግዛት ያሰቡ እንደ ሆነ



የመንግሥት ሠራተኛ በዕድሜው ከሚፈጽመው ግዢ ሁሉ ትልቁ ቤት ነው። በልብስ የተሳሳተ ሰው በሚቀጥለው ወር ሌላ ይገዛል። በቤት የተሳሳተ ግን ከደመወዙ ያጠራቀመውን፣ ከዕቁብ የደረሰውንና ከዘመድ የተበደረውን ገንዘብ ሁሉ በአንድ ፊርማ ያጣዋል። ስለዚህ ዛሬ በአዲስ አበባ አሮጌ ቤት ለመግዛት ላሰቡ ሰዎች ጥቂት ቃል ለመናገር አሰብሁ።

የአሮጌ ቤት ነገር ሁለት ነው፤ አንዱ በዓይን የሚታየው ግድግዳና ጣራ፣ ሁለተኛውም በመዝገብ የሚገኘው ወረቀት ነው። ብዙ ሰው ግድግዳውን በቀለሙ፣ ወረቀቱንም በማኅተሙ ብቻ መዝኖ ይገዛል። ቀለምም ማኅተምም ግን ከሥራቸው ያለውን ሊሸፍኑ ይችላሉ።

ከግድግዳው እንጀምር። ከከተማይቱ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ የጭቃ ቤቶች ናቸው። የባሕር ዛፍ ቋሚ ይተከላል፤ ማገር ይመታበታል፤ ከጭድ ጋራ ተረግጦ የሰነበተ ጭቃ ይመረግበታል፤ ከደረቀም በኋላ ይለሰናል። በደንብ የተሠራ የጭቃ ቤት የሚናቅ አይደለም፤ በብርድ ጊዜ ይሞቃል፣ በፀሐይ ጊዜ ይቀዘቅዛል። የጭቃ ቤት ሲባል ፊቱን የሚያዞረውን ሰው እኔ አልደግፈውም። ጠላቱ ግን ውሃ ነው። ቋሚው መሬት በሚገባበት ቦታ ላይ፣ ከአፈሩ አንድ ስንዝር ያህል ከፍና ዝቅ ብሎ፣ እርጥበት ሲመላለስበት እንጨቱ ይበሰብሳል። ላዩ ቀጥ ብሎ እንደ ቆመ እግሩ ዱቄት ሆኖ ይገኛል።

ይህን ለማወቅ ከባለቤቱ ይልቅ ግድግዳውን ይጠይቁ። በውጭ በኩል ከመሬቱ አጠገብ በጣትዎ አንጓ ያንኳኩት፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ልስኑ ከጭቃው ለቋል ማለት ነው። በሲሚንቶ የተለሰነ የጭቃ ቤት ይልቁንም ብርቱ ምርመራ ይሻል። ሲሚንቶ ከጭቃ ጋራ አጥብቆ አይያያዝም፤ በስንጥቅ የገባውንም ውሃ ቶሎ እንዲደርቅ አይለቀውም። ስለዚህ ሲያዩት የብሎኬት ቤት መስሎ በውስጡ የሚበሰብስ አለ። ባለቤቱ ቢፈቅድ ከአንድ ማዕዘን ጥቂት ልስን አስነሥተው ቋሚውን በቢላዋ ጫፍ ይውጉት፤ ቢላዋው ያለ ችግር ከሰመጠ እንጨቱ አልቋል። ባይፈቅድም አለመፍቀዱን እንደ መልስ ይቁጠሩት። ከግድግዳው ታችኛ ክፍል ብቻ አዲስ ቀለም የተቀባ ቤት ሲያጋጥምዎም ምን ተሸፍኖ እንደ ሆነ ሳይጠይቁ አይለፉ።

የአዲስ አበባ ዋና ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። በበጋ የታየ ቤት ግማሹ ብቻ የታየ ነው። አንድ ወዳጄ በጥር ወር ግቢው ደረቅ፣ ወለሉም የሚያብለጨልጭ ቤት ገዛ። በሐምሌ ወር ከበላዩ ያለው ግቢ ጐርፍ በመኝታ ቤቱ ሥር መንገድ እንዳለው አወቀ። ቢቻልዎ ዝናብ በሚዘንብበት ሰዓት ጃንጥላ ይዘው ይሂዱ፤ አሸንዳው ውሃውን ወዴት እንደሚጥለው፣ ከጎረቤት የሚመጣውም ጐርፍ በየት እንደሚያልፍ በዓይንዎ ይዩ። ክረምቱን መጠበቅ ካልቻሉ ኮርኒሱን ይመልከቱ፤ ሻይ የፈሰሰበት የመሰለ ክብ ካለበት ከላይ ቆርቆሮው ያፈሳል። በቀን ብርሃን ከኮርኒሱ በላይ ገብቶ ወደ ቆርቆሮው የሚያይ ሰው ቢልኩ፣ የምስማሩ ቀዳዳ እንደ ኮከብ ሲያበራ ይነግርዎታል።

ስንጥቅ ሁሉ አያስደነግጥ። እንደ ፀጉር የቀጠነ የልስን ስንጥቅ በየቤቱ አለ። ከበርና ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚወጣና ሳንቲም የሚያስገባ ስንጥቅ ግን መሠረቱ መንቀሳቀሱን ሊያመለክት ይችላል። በተለይ ጥቁር ዋልካ ባለበት ሰፈር ይህ ይበረታል፤ ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በላዩ የቆመውንም ቤት አብሮ ያናውጠዋል። የመብራት ሽቦውንና የመጸዳጃውን ጉድጓድ ደግሞ አንድ ባለሙያ በአንድ ሰዓት ያይልዎታል። አንድ ግንበኛና አንድ አናጢ ይዞ ለመሄድ የሚከፈለው ገንዘብ ከቤቱ ዋጋ ጋራ ሲተያይ ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንለፍ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ከተወረሱትም ቤቶች የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበረው በቀበሌ እጅ ገባ። ይህ ያለፈ ታሪክ ቢመስልም ዛሬ ከገዢው ደጃፍ ይደርሳል። በአንድ ግቢ ውስጥ የግል ቤትና የቀበሌ ቤት ጎን ለጎን ቆመው ይገኛሉና፣ ሻጩ እጁን ዘርግቶ የሚያሳይዎ ሁሉ የርሱ ላይሆን ይችላል። የቀበሌ ቤት ተከራይ የሚሸጠው ቤት የለውም፤ የሚያስረክብዎ ቁልፉን ብቻ ነው።

ቦታውም በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት መሠረት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። እርስዎ የሚገዙት ቤቱን ነው እንጂ መሬቱን አይደለም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ደግሞ በነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ይዞታው ወደ ሊዝ እንዲገባ ደንግጓል። እንግዲህ በዋጋ ከመስማማትዎ በፊት ስሙን ለማዛወር ምን ያህል እንደሚከፈልና ማን እንደሚከፍለው ይወቁ።

በሻጩ እጅ ያለውን ካርታ ማየት አይበቃም። ከሻጩ ጋራ ወደ ክፍለ ከተማው ሄደው ካርታው ከማኅደሩ ጋራ መስማማቱን፣ ዕዳና እገዳ አለመኖሩን ያስመርምሩ፤ ግቢውንም በሜትር ይለኩ። አጥሩ ከካርታው ሰፍቶ የሚገኝበት ጊዜ አለ፤ የሰፋውን ክፍል የሚያጣው ያን ጊዜ ገዢው ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት ምክንያት በመንገድ ዳር የነበሩ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋልና፣ ቦታው በከተማው ፕላን ለምን ሥራ እንደ ተመደበም ሳይጠይቁ አይመለሱ።

ሻጩ ባለትዳር እንደ ሆነ የባልና የሚስት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተ ሰብ ሕግ የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱ ስምምነት እንዳይሸጥ ይከለክላል። ቤቱ የውርስ እንደ ሆነ ደግሞ ወራሾቹ ስንት እንደ ሆኑ ይቁጠሩ፤ በውጭ አገር ያለችውን እኅት መርሳት የተለመደ ነው፤ እርስዋ ግን ቤቱን አትረሳውም። በውክልና የሚሸጥም ካጋጠመዎ ወካዩ በሕይወት መኖሩን ያረጋግጡ፤ ወካዩ ሲሞት ውክልናው ይቀራልና።

በመጨረሻም ስለ ቀብድ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀብድ ሰጥቶ ውሉን የሚያፈርስ ሰው ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ቢያፈርስ ዕጥፉን ይመልሳል። ደላላው «ሌላ ገዢ ማታ ይመጣል» ብሎ ቢያጣድፍዎ እንኳ ግድግዳውንና ማኅደሩን ሳያዩ ቀብድ አይስጡ። ማታ ይመጣል የተባለው ገዢ በእውነት ከመጣ፣ እርሱም ቢላዋ ይዞ ይምጣ።