ከእኛም በኋላ ሰርዶው ይብቀል
(ለሻቩዖት በዓል በሬዲዮ የተላለፈ የቄስ ንግግር)



በዚህ በዓል ምኩራቡም ቤቱም በለምለም ቅጠል ያጌጣል። በዋዜማው አንዲት አዛውንት እናት ሣር ይዘው ወደ እኛ መጡ። «ቄሳችን፣ የልጅ ልጄ ይህን ከሜዳ ነቅሎ ስሙን ቢጠይቀኝ ዝም አልሁ» ሲሉ እያዘኑ ነገሩን። አይተን፣ «እናታችን፣ ይህማ ሰርዶ ነው» አልናቸው። እርሳቸውም፣ «እኔስ መስሎኝ ነበር፤ የዚህ አገር ሣር ሌላ ነው ብዬ ፈርቼ እንጂ» አሉ።

ወገኖቻችን ሆይ፣ ይህ ፍርሃት የብዙዎቻችን ነው። ነገር ግን ዓይናችንና እጃችን የሚያውቁት አልጠፋም።

ግንዱን በሁለት ጣት መካከል አንከባሉት። ክብ ሆኖ አንጓ ካለው የሣር ወገን ነው፤ ስንዴ፣ ገብስና ጤፍም ከዚሁ ናቸው። አንጓ ሳይኖረው ሦስት ማዕዘን ከሆነ የቄጤማ ወገን ነው። ክብ ሆኖ አንጓ ከሌለው፣ በውኃ ዳርም ቀጥ ብሎ ከቆመ፣ ዕብራይስጡ ሳማር የሚለው ሊሆን ይችላል።

ሰርዶ በምድር ላይ ይሳባል፤ በየአንጓው ሥር ይሰድዳል፤ ዘለላው እንደ እጅ ጣቶች ከአንድ ነጥብ ይዘረጋል። በዚህ አገር ያብሊት ይሉታል። በበዓል ቀን ቤታችንን ጠርገን የምንጎዘጉዘው ቄጤማም ዘመዶቹ እዚህ አሉ፤ ወገኑ ጎሜ ይባላል። በጣና ላይ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ከዚሁ ወገን ሲሆን በሑላ ሸለቆም ይበቅላል። በኦሪት የሙሴ እናት ሕፃኑን ያኖረችበት ሣጥን ከጎሜ የተሠራ ነበር።

የዛሬው በዓል የስንዴ መከር ነው። በ1906 ዓ.ም. በፈረንጆች አቆጣጠር አሮን አሮንሶን በሮሽ ፒና አጠገብ የዱር ስንዴ አገኙ፤ ይህም ከምንበላው ስንዴ ቅድመ አያቶች አንዱ ነው። የዱሩ ስንዴ ሲደርስ ዛላው በራሱ ይበተናል፤ የገበሬው ግን አጫጁን ይጠብቃል። የእኛም ዕውቀት እንደ ገበሬው ስንዴ ነው፤ ሰብሳቢ ካላገኘ በማሳው ላይ ይቀራል።

ስለዚህ በዚህ በዓል የልጅ ልጆቻችሁን እጅ ይዛችሁ ወደ ሜዳ ውጡ። እናንተ የአማርኛውን ስም ንገሯቸው፤ እነርሱም የዕብራይስጡን ይንገሯችሁ። በሕግ የተጠበቁ የዱር አበቦች ስላሉ አበባውን በዓይን እንጂ በእጅ አትንኩ።

«እኔ ከሞትሁ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ» ይባላል። እኛ እንዲህ አንበል። ከእኛም በኋላ ይብቀል፤ ስሙንም የሚያውቅ ልጅ ይኑር።

እግዚአብሔር ዘራችሁን ይባርክ፤ ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ። ሐግ ሳሜሕ። አሜን።