ስለ ቆርቆሮ ቤት ኮርኒስ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በሳይንስ ክበብ ተማሪዎች የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ስለ ሩቅ ነገር ሳይሆን ከራሳችን በላይ ስላለው ጣሪያ ነው። ከገጠር መጥተን በመሐል ሜዳ ቤት ተከራይተን የምንማር ሁሉ የምናውቀው ጉድ አለ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ በውርጭ ያድራል፤ ጠዋት ፀሐይ ቆርቆሮውን ስትነካው በቤት ውስጥ ዝናብ ይዘንባል። ደብተራችንም ባናችንም ይርሳል። ቆርቆሮው የተበሳ መስሎን ስንት ጊዜ በሬንጅ ደፈንን! ቀዳዳ ግን አልነበረም።

ውሃው የመጣው ከእኛው ትንፋሽ ነው። አራት ሆነን በአንድ ክፍል ስናድር በትንፋሽና በላብ የምናወጣው እንፋሎት እስኪነጋ አንድ ሊትር ያህል ይሆናል፤ የድስቱና የሻዩ ሲጨመርበት ይበልጣል። 20 ዲግሪ የሞቀ አየር በአንድ ሜትር ኩብ 17 ግራም ያህል እንፋሎት ይይዛል፤ ወደ 0 ዲግሪ ሲወርድ ግን ከ5 ግራም በላይ አይችልም። የቀረውን በቀዝቃዛው ቆርቆሮ ላይ ይጥለዋል፤ እዚያም አመዳይ ሆኖ አድሮ ጠዋት ይቀልጣል።

የአያቶቻችን የጓሳ ክዳን ቤት እንዲህ አያንጠባጥብም ነበር። ክዳኑ ወፍራም ስለሆነ የውስጥ ፊቱ እንደ ቆርቆሮ አይቀዘቅዝም፤ ጭሱም እንፋሎቱም በሣሩ መካከል ሾልኮ ይወጣል። ይሁን እንጂ ጓሳ እንደ ልብ የሚታጨድ ሣር አይደለም። ቀድሞ በቄሮ ሥርዓት ለዓመታት ተከልክሎ ይቆይ ነበር፤ ያ ሥርዓት ከ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ በኋላ ቢቀርም ዛሬም ሕዝቡ በደንብ አውጥቶ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ለኮርኒስ ብላችሁ ጓሳ እጨዱ አንልም።

ኮርኒስ እንደሚያስፈልግ ሁላችንም ተስማማን፤ ምን ዐይነት ይሁን በሚለው ግን ሦስት ሳምንት ተከራከርን። በመጀመሪያ ያሰብነው ሙቀት የሚይዘውን ነገር ብቻ ነበር። በአንዱ ክፍል የማዳበሪያ ከረጢት ወጥረን ከላዩ ጭድ ነሰነስንበት። ክፍሉ ጥቂት ሞቀ፤ በወሩ ግን ጭዱ ረጥቦ ሻገተ። ዕጣን አጭሰን ወደ ጥጉ ብንይዘው ጭሱ ከረጢቱና ግድግዳው በሚገናኙበት ስንጥቅ እየተሳበ ሲገባ አየን። ለካስ ጭዱን ያረጠበው በስንጥቁ የሚሾልከው ሙቅ አየር ኖሯል!

ይህን ከእረኛው ደበሎ መማር በቻልን ነበር። የደበሎ ጠጉሩ በመካከሉ አየር ይዞ ያሞቃል፤ ቆዳው ደግሞ ነፋስን ይከለክላል። ጠጉሩ ብቻውን በጓሳ ሜዳ ነፋስ ላይ ምን ይረባል? ኮርኒስም እንዲሁ ነው፤ አየር የሚከለክለው ከታች በሞቀው በኩል፣ ሙቀት የሚይዘው ከላይ መሆን አለበት።

አየር ለመከልከል ጭቃ መልካም ነበር፤ እሳትም አይፈራም። ነገር ግን 3 ሳንቲ ሜትር የሆነ ምርጊት በካሬ ሜትር 50 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ በ12 ካሬ ሜትር ክፍል 6 ኩንታል ጭቃ በራሳችን ላይ ይንጠለጠላል ማለት ነው። ቀጭን አጠና ይህን አይችልም። አቡጀዴ ለዐይን ያምራል፣ አየር ግን ያሳልፋል። ቺፕውድም መጋጠሚያው ካልተደፈነ ከከረጢቱ ብዙ አይሻልም። እኛ የመረጥነው ወፍራም ላስቲክ ነው፤ መጋጠሚያው አንድ ስንዝር ተደራርቦ፣ ጠርዙ በግድግዳው ላይ በእንጨት ተመትቶና በጭቃ ተመርጎ፣ የአምፑሉ ሽቦ የሚያልፍበትም ቀዳዳ ሳይቀር ተደፍኖ። ከሥሩ ቺፕውድ ይመታል። ከላዩ ለባና የማይፈተለው አጭር የበግ ጠጉር አንድ ስንዝር ያህል ይነሰነሳል። ብል እንዳይበላው አስቀድሞ በሚገባ መታጠብ አለበት። ጭድ ርካሽ ነው፤ አይጥ ይጠራል፣ እሳትም ቶሎ ይይዘዋል።

በጠጉሩና በቆርቆሮው መካከል ግን ነፋስ ይለፍ። በክዳኑ ጫፍ ያለውን ክፍተት መድፈን ስሕተት ነው፤ ያመለጠው ጥቂት እንፋሎት የሚወጣው በዚያ ነው።

አሁን ወላጆች በተለይ እንድትሰሙልን የምንፈልገው ነገር አለ። ክፍሉን አሳምረን በዘጋንበት በመጀመሪያው ማታ ከሰል አንድደን ቡና አፈላን። ብዙም ሳይቆይ ራሳችንን አመመን፤ አንደኛው ጓደኛችን ሊነሣ ሲል ወደቀ። አከራያችን እመት ድምፅ ሰምተው በሩን ባይከፍቱልን ኖሮ ዛሬ በፊታችሁ ባልቆምን ነበር። የከሰል መርዝ ሽታ የለውም፤ ቀድሞ በስንጥቁ ይወጣ የነበረውን እኛው ዘጋንበት። ከዚያ ወዲህ ከሰሉ በደጅ ብቻ ይነዳል፣ በመስኮቱም ራስጌ እጅ የሚያሾልክ ቀዳዳ ትተናል። ይህን የማይቀበል ሰው ኮርኒሱን ባይሠራ ይሻለዋል።

ከመጪው ኅዳር በፊት ሦስት ክፍሎች ለመሥራት ቆርጠናል። በቤታችሁ ለፈትል የማይሆን ጠጉር ያላችሁ ወላጆች በከረጢት አድርጋችሁ በልጆቻችሁ ላኩልን፤ አጥበን የምናደርቀው እኛ ነን።