የሚሄደው ሰውና የሚቀረው አገር

(በትምህርት ቤታችን የበዓል ቀን በ12ኛ ክፍል የክርክር ክበብ ስም የተነበበ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ ትምህርት ጥቅም ወይም ስለ ወጣቶች ተስፋ እንድንናገር የጠበቃችሁ ሳትኖሩ አትቀሩም። እኛ ግን በየቤታችን ዘወትር ስለሚነሣ፥ በአደባባይ ግን እምብዛም ስለማይነገር አንድ ጉዳይ ለመናገር መረጥን። ይኸውም ሰው ከአገር ወደ አገር መፍለሱ ለአገር ኤኮኖሚና ለሕዝብ ኑሮ የሚያመጣው ጥቅምና ጉዳት ነው።

ምክንያታችን ሩቅ አይደለም። ዘጠነኛ ክፍል ስንገባ አብረውን ከነበሩት መካከል ዛሬ በዚህ አዳራሽ የሌሉ አሉ። ከእነርሱ አንዷ በሒሳብ ትምህርት ሁላችንንም ትበልጠን ነበር። ባለፈው ዓመት መጻሕፍቷን ለታናሽ እኅቷ ሰጥታ፥ ቡና ተፈልቶ ዱዓ ተደርጎላት ሄደች። ዛሬ በሪያድ ከተማ በሰው ቤት ትሠራለች። ለእናቷም ገንዘብ ትልካለች፤ የቤታቸው ጣሪያ ታድሷል። እንግዲህ ይህች ጓደኛችን አገሯን ጠቅማለች ወይስ ጎድታለች? በክበባችን ሦስት ሳምንት ተከራከርንበት። በመጨረሻም የተረዳነው ነገር፥ ነጋዴ ገቢና ወጪውን በመዝገብ እንደሚያሰላ ሁሉ፥ ይህንንም ጉዳይ በሁለት መዝገብ ማየት እንደሚያስፈልግ ነው። አንደኛው የተቀባዩ አገር፥ ሁለተኛው የላኪው አገር መዝገብ ነው።

በመጀመሪያ የተቀባዩን መዝገብ እንግለጥ። ይህን ለማየት ባሕር መሻገር አያስፈልገንም፤ አገራችን ራሷ የእንግዶች ተቀባይ ሆና ኖራለችና። በ7ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በመካ የተሳደዱት የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች ወደ ሐበሻው ንጉሥ መጥተው መጠለያ ማግኘታቸውን ሁላችንም እናውቃለን። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ከኢየሩሳሌም አስመጥተው በሙዚቃ ጓድ አሠማሯቸው፤ የጓዱ መሪ የነበሩት ኬቮርክ ናልባንዲያንም የዘመኑን የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ። እነዚያ ልጆች ሲመጡ ባዶ እጃቸውን ነበሩ፤ ለአገሪቱ ያተረፉላት ግን ዘመናዊ የሙዚቃ ትምህርት ነው።

ወደ ደሴ ስንመለስ፥ ከዚህ ከሆጤ ብዙም ሳንርቅ ዓረብ ገንዳ የሚባል ሰፈር አለን። ስሙ ራሱ ምስክር ነው። ከየመን የመጡ ሰዎች በከተማችን ሱቅ ከፍተው፥ ስኳርና ላምባ ቸርችረው፥ ከሕዝቡ ጋር ተጋብተውና ተዋልደው ኖረዋል። በዚያን ዘመን ድህነት ከቀዬው አስወጥቶት ወደ ሰው አገር የሚሻገረው ዓረቡ ነበር። ዛሬ ደግሞ የመን በእኛ ወጣቶች ዘንድ የመተላለፊያ በር ሆናለች። የዕድል መንኰራኩር እንዲህ ትዞራለችና ማንም በእንግዳው ላይ አይኵራ።

አሁን ጓደኛችን ወዳለችበት አገር እንለፍ። ሳዑዲ ዓረቢያ ነዳጅ ዘይት ያገኘችው በ1930 ዓ.ም. ነበር። ዘይቱ በከርሠ ምድሯ ቢሞላም፥ መንገድ የሚያነጥፍ፥ ሕንፃ የሚያቆም፥ ሕሙማንን የሚያስታምም በቂ ሰው አልነበራትም። ስለዚህ ከየመንና ከግብፅ፥ ከህንድና ከፓኪስታን፥ ከፊሊፒንስ፥ ከእኛም አገር ሰው አስገባች። እ.ኤ.አ. በ2022 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከ32.2 ሚሊዮን ነዋሪዎቿ 13.4 ሚሊዮኑ የውጭ አገር ሰዎች ሆነው ተገኝተዋል። ይህም ከ100 ሰው ወደ 42 የሚጠጋ ነው። እኅታችን በአንዲት ሴት ቤት ልጅ ስትይዝና ምግብ ስታበስል፥ ያቺ ሴት ወደ መሥሪያ ቤቷ ሄዳ ደመወዝ ትቀበላለች። ስለዚህ የአንዲት ሠራተኛ ጉልበት ሁለት ሥራ አሠርቷል ማለት ነው።

ይህን ስንል ግን ተቀባዩ ምንም ጭንቀት አያገኘውም ማለታችን አይደለም። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲመጣ የቤት ኪራይ ይወደዳል፤ ሐኪም ቤቱ ይጨናነቃል፤ የቀን ሠራተኛው የሙያ ዋጋም ይረክሳል። ይህን በዓይናችን አይተናል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ከሰሜን ወሎ በጦርነቱ የተፈናቀሉ ወገኖቻችን ወደ ደሴ በመጡ ጊዜ የከተማችን ትምህርት ቤቶች መጠለያ ሆነው ነበር። የደሴ ሕዝብ እንጀራውን አካፈለ፤ ዳሩ ግን እንግዳው የሚሠራው ሥራ እስካላገኘ ድረስ እንጀራው እያነሰ መሄዱ አይቀርም። ስለዚህ ሸክም የሚሆነው የሰው መምጣት ብቻውን ሳይሆን፥ የመጣው ሰው እጁን አጣምሮ እንዲቀመጥ መገደዱ ነው። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 በአገራችን የተጠለሉ የውጭ ስደተኞች ሠርተው የሚያድሩበትን መንገድ መክፈቱ ከዚህ አሳብ ጋር የሚስማማ ነው።

እንግዲህ ወደ ሁለተኛው መዝገብ፥ ወደ ላኪው አገር እንምጣ። በገቢው በኩል የተጻፈውን መካድ ግፍ ነው። በደቡብ ወሎ ከዓረብ አገር በሚላክ ገንዘብ ታናናሾች ይማራሉ፤ ሽማግሌዎች ይታከማሉ፤ በድርቅ ጊዜ እህል ይሸመታል። ይህን ገንዘብ የምትልከው እኅት ክብር ይገባታል።

ወጪውን ግን ማን ጻፈው? አንድ ልጅ ተወልዶ አሥራ ስምንት ዓመት እስኪሞላው ድረስ እናቱ አጥብታዋለች፤ አባቱ አርሶ አብልቶታል፤ መንግሥት መምህር ቀጥሮ አስተምሮታል። ይህ ሁሉ ወጪ የኢትዮጵያ ነው። ልጁ ለሥራ በደረሰ ማግስት ሲሄድ፥ ያ ሁሉ ድካም ያለ አንዳች ዋጋ ለሌላ አገር ተሰጠ። ቡናችንን ስንልክ በኪሎ እንመዝናለን፤ ቆዳችንን ስንልክ ደረጃ እናወጣለን፤ ልጃችንን ስንልክ ግን ሚዛኑንም ውሉንም ለደላላ እንተወዋለን።

የጉዞውም ወጪ አለ። በቦሌ የሚሄድ አለ፤ በባሌ የሚሄድም አለ። ከኮምቦልቻ በባቲ ወርዶ፥ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፥ ከጅቡቲ በጀልባ ወደ የመን የሚሻገረው ወጣት ከየቤቱ ላም አሽጦ የሚሄድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ ከአፍሪካ ቀንድ ወደ የመን የተሻገሩት ከ138,000 በላይ ነበሩ፤ አብዛኞቹም ኢትዮጵያውያን ናቸው። ከእነዚህ መካከል በባሕር የቀረ፥ በአጋቾች እጅ ወድቆ ቤተሰቡ ማስለቀቂያ የተጠየቀበት፥ በድንበር ላይ በጥይት የተመታ አለ። ከደረሱም በኋላ ኢቃማ የሌለው ሰው በማናቸውም ቀን ሊያዝ ይችላል። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 የሚበልጡ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተመልሰዋል፤ ብዙዎቹ የመጡት ከለበሱት ልብስ በቀር ምንም ሳይዙ ነበር። የላሟ ዕዳ ግን ቤት ቁጭ ብሎ ይጠብቃቸው ነበር።

ከዚህም ሌላ የተላከው ገንዘብ የሚሄድበትን መንገድ እንመልከት። ከእርሱ ለመሬትና ለቤት የሚውል አለ። ቤት መሥራት መልካም ነው። ነገር ግን ሁሉም ቤት ብቻ ሲሠራ የቦታ ዋጋ ወደ ላይ ይወጣል፤ ዓረብ አገር ልጅ የሌለው መምህር ወይም ወታደር ግን በገዛ ከተማው ተከራይ ሆኖ ይቀራል። ደግሞ ገንዘቡ በባንክ ሳይሆን በሥውር ሐዋላ ሲመጣ፥ ሪያሉ እዚያው ቀርቶ ብሩ እዚህ ይከፈላል። ቤተሰቡ ብሩን ያገኛል፤ አገሪቱ ግን መድኃኒትና ነዳጅ የምትገዛበትን የውጭ ምንዛሪ አታገኝም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ቢደረግም፥ የኖረ ልማድ በአንድ ቀን አይጠፋም።

ታዲያ ላኪ አገር ከቶ አይጠቀምምን? ይጠቀማል፤ ማስረጃችንም ኮሪያ ናት። በ1943 ዓ.ም. የቃኘው ሻለቃ ጦር ወደ ኮሪያ ሲዘምት ያ አገር በጦርነት የፈራረሰ ነበር። ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ ደቡብ ኮሪያ ማዕድን ቆፋሪዎችንና ነርሶችን ወደ ምዕራብ ጀርመን ላከች። እነዚያ ሰዎች የሄዱት በመንግሥታት ስምምነትና በውል ነበር። አገራቸውም እነርሱ የላኩትን ገንዘብ እየተቀበለች ዝም ብላ አልተቀመጠችም፤ ፋብሪካና የሙያ ትምህርት ቤት አቆመች። ዛሬ ደቡብ ኮሪያ ሠራተኛ ላኪ መሆኗ ቀርቶ ከሌላ አገር ሠራተኛ ታስገባለች። ከዚህ የምንማረው፥ ስደት አገርን የሚጠቅመው ድልድይ ሲሆን እንጂ ቤት ሲሆን አለመሆኑን ነው።

እኛም የድልድዩ ምሰሶ የሚቆምበት ቦታ አለን። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከደሴ ቁልቁል ወርደን የምናገኘው ነው። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጉዳት ደረሰበት፤ ብዙ ሠራተኛም ተበተነ። ፋብሪካ ሲዘጋ የደላላ ደጅ እንደሚከፈት ከዚያ ወዲህ ባየነው ተረድተናል። ስለዚህ ልጆቿን ማስቀረት የምትፈልግ አገር ከምክር አስቀድሞ ሰላምንና ሥራን ማዘጋጀት አለባት። ሥራ የሌለውን ወጣት «አትሂድ» ማለት ብቻ የተራበን ሰው «አትብላ» እንደማለት ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የጉዞ እገዳ እስከ 2010 ድረስ ሲቆይ በባሕር የሚሄደው አለመቆሙ ይህንኑ ያስረዳል።

አሁን በትሕትና የምናሳስበው ሦስት ነገር አለ።

እናቶቻችንና አባቶቻችን ሆይ፤ ልጃችሁ የግድ የምትሄድ ከሆነ ትምህርቷን ጨርሳ ትሂድ። አዋጅ ቁጥር 923/2008 ሠራተኛ በጽሑፍ ውልና በሙያ ብቃት ማረጋገጫ እንዲሄድ፥ የቪዛውንና የመጓጓዣውንም ወጪ አሠሪው እንዲከፍል ደንግጓል። ውሏን ማንበብ የምትችል ልጅና የማትችል ልጅ አንድ ዓይነት ዕድል አይገጥማቸውም።

ሁለተኛ፥ ከሚላከው ገንዘብ ጥቂቱ እንኳ ሥራ ወደሚወልድ ነገር ይግባ። ስፌት መኪና ቢሆን፥ የወተት ላም ቢሆን፥ የእንጨት ሥራ ቤት ቢሆን። የሰው ወርቅ አያደምቅ እንደሚባለው፥ የሪያድ ደመወዝ አንድ ቀን ይቆማል፤ የተተከለው ሥራ ግን ይቀጥላል።

ሦስተኛ፥ ጓደኞቻችን ሆይ፤ ከዓረብ አገር የተመለሰውን ሰው «ምን ይዘህ መጣህ?» ብለን አንጠይቀው። «ምን ተምረህ መጣህ?» እንበለው። ዓረብኛ የሚያውቅ፥ ሹፍርና ወይም ወጥ ቤትነት የተካነ ሰው ባዶ እጁን አልመጣም።

ንግግራችንን ከመፈጸማችን በፊት ወደ ጓደኛችን እንመለስ። አገሯን ጠቅማለች ወይስ ጎድታለች ብለን ነበር። መልሳችን ይህ ነው፤ እርሷ የጎዳችው ነገር የለም። የቤቷን ዕዳ በትከሻዋ የተሸከመች ልጅ ናት። ዕዳው የእኛ የሁላችን ነው፤ ከፍላ የሄደችውን ትምህርት ልንመልስላት የሚገባን እኛ ነንና። አንዳንድ ዓርብ ማታ ለእኅቷ ስትደውል ስለ ደመወዟ ብዙ አትናገርም። የምትጠይቀው «በሒሳብ ምዕራፍ ስንት ደረሳችሁ?» ብላ ነው።

ጓደኛችን ስትመለስ የምትቀመጥበት ወንበር፥ የምትማርበት የማታ ትምህርት፥ የምትገባበት ሥራ እንዲጠብቃት እናድርግ። ይህን ያደረገ አገር ልጆቹ ቢሄዱበትም አይደኸይም።

አገራችንን ሰላም ያድርግልን፤ በባዕድ አገር ያሉትንም በደኅና ይመልስልን።